ከአንገት በታች

ስልኳ መጮህ ባቆመ ሰሞን ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው ባሏን ነበር። ባሏ ፎቶ አንሺ ነው፤ እጁ የገባ ዕቃ ካልፈታ አያርፍም። መቀሷን እንደያዘች መጋረጃውን ገለጠችና «ስልኬን ምን አደረግኸው?» አለችው። እሱ ለመታወቂያ ፎቶ የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፊት ቆሞ «ቀና በል፤ ዓይንህን አትጨፍን» እያለ ነበር። ሰውየው መቀሱን ሲያይ እንኳን ሊጨፍን ጭራሽ አፈጠጠ። ያ ፎቶ ዛሬም መታወቂያው ላይ አለ፤ የሚያየው ፖሊስ ሁሉ ሰውየውን ሳይጠረጥረው አይቀርም።

ባሏ ስልኩን ወዲያ ወዲህ ነካክቶ መለሰላት። «ስልክሽ ደህና ነው። የጠፋው የሚደውልልሽ ሰው ነው።»

ሱቃቸው ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛዋ የሱ ስትሆን ወደ መንገድ ትከፈታለች፤ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት መብራት፣ መስኮቱ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ሙሽራና ተመራቂ ሁሉ በየፍሬሙ ተደርድሯል። የኋለኛዋ የሷ ናት፤ የስፌት መኪና፣ ረጅም መስታወት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ የጓሮ በር አላት። መሐላቸው ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። በሱ በኩል ሰው ሁሉ ከትከሻ በላይ ነው፤ በሷ በኩል ደግሞ ከአንገት በታች። «እኔና አንቺ ስንተጋገዝ አንድ ሙሉ ሰው እናወጣለን» እያለ ይቀልዳል።

ልብስ ሰፊዋ የምትሰፋው ጡት ማስያዣ ነው፤ ያውም በበሽታ ምክንያት ጡታቸው ለተቆረጠ ሴቶች ብቻ። ሥራውን ማንም አላስተማራትም። የዛሬ ስንት ዓመት የራሷን ግራ ጡት ሐኪም ሲወስደው፣ ሆስፒታሉ ቁስሏን አድርቆ የሸኛት «ጥጥ ጎስጉሺበት» በሚል ምክር ነበር። ጎሰጎሰችበት። ጥጥ ግን ቀላል ነው፤ ባለበት አይረጋም። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቆማ እጇን አንስታ ብረቱን ስትይዝ ጥጡ በአንገቷ በኩል ብቅ አለ። አጠገቧ የቆመ ጎረምሳ አየና ሳቁን ለመዋጥ ሲል ሳል ያዘው። ፌርማታዋ ሳይደርስ ወርዳ እያለቀሰች በእግሯ ገባች።

ከዚያ በኋላ ነው ተልባን ያገኘችው። ተልባ ለስላሳ ነው፣ ከገላ ጋር ይሞቃል፣ ሲራመዱ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከሁሉ በላይ ግን ክብደት አለው። አንድ ጎኗ የቀለለባት ሴት ሳታውቀው ወደ ሌላው ትዘነብላለች፤ ትከሻዋ ይወጣል፣ ጀርባዋን ያማታል፣ ሰው «ምን ሆነሽ ነው የምትጣመሚው?» ይላታል። ልብስ ሰፊዋ በቀጭን ጨርቅ ከረጢት ተልባውን በልክ ሞልታ፣ ከጡት ማስያዣው ውስጠኛ ኪስ ትከተዋለች። ለራሷ የሰፋችው የመጀመሪያው ሲያምርላት ሆስፒታል ለምትሠራ ለአንዲት ነርስ አሳየቻት። ነርሷም ሴቶቹን ወደሷ መላክ ጀመረች።

ሴቶቹ ግን ለመምጣት ድፍረት አጡ። መጥተው እስከ ጓሮ በር ደርሰው የተመለሱ ነበሩ። ምን እንደሚገጥማቸው አያውቁማ! ስለዚህ ባሏ ድረ ገጽ ሠራላትና በካሜራው ራሷን በራሷ እንዴት እንደምታነሳ አስተማራት። ፈቃደኛ የሆነችውን ሴት ሦስት ጊዜ ታነሳታለች፤ አንድ ባዶውን ከነጠባሳው፣ አንድ ጡት ማስያዣው ተለብሶ፣ አንድ ደግሞ ሸሚዙ ከላይ ተደርቦ። ሦስተኛውን ያየ ሰው አንደኛውን አያምንም። ፎቶዎቹ ሁሉ ከአንገት ወደ ታች ናቸው፤ የሷም ጭምር። «ፊትሽ እኔ ጋ ይቀራል» ትላቸው ነበር ካሜራውን ስታስተካክል። ገጹ ላይ የምትለጥፋቸውም ራሷ ናት፤ ባሏ እንኳ ከመጋረጃው አልፎ አንዲቷንም ሴት አይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ በሰላም እየሄደ ሳለ ነው ሕጉ የመጣው። የልቅ ወሲብ ድረ ገጾች ሁሉ የአድራሻቸው መጨረሻ አንድ ዓይነት እንዲሆን ተወሰነ፤ «ነጥብ አዋቂ» የሚባል ጅራት ተበጀላቸው። ይህ ጅራት ካለ ወላጅ በቤቱ፣ ትምህርት ቤት በኮምፒውተሩ፣ ሆስፒታልም በመሥሪያ ክፍሉ በአንድ ቁልፍ ሁሉንም መዝጋት ይችላል። ሐሳቡ አልከፋም። ልብስ ሰፊዋም በሬዲዮ ስትሰማው መርፌዋን መርፌ መሰኪያዋ ላይ ሰክታ አጨብጭባለች። ምክንያት ነበራት፤ አንድ ጊዜ በስልኳ የዳንቴል ዋጋ ስታፈላልግ የወጣባት ነገር፣ እንኳን ልትናገረው ልታስታውሰው ያስቀይማት ነበር። ያን ቀን ስልኩን የጨርቅ ክምር ውስጥ ቀብራው፣ ራሱ ያፍር ይመስል እስኪመሽ አላወጣችውም።

«ባለጌ ሁሉ አንድ ሰፈር ይግባ! አጥሩም ይታወቅ!» አለች።

«አጥሩን የሚያጥረው ማን ነው?» አለ ባሏ ከመጋረጃው ወዲያ። ልትሰማው አልፈለገችም።

ስልኳ ጭጭ ባለ በሳምንቱ ነርሷ ደወለች። ነርሷ ሲጨንቃት ድምጿን ዝቅ የማድረግ ልማድ አላት፤ አሁን ጭራሽ የምታንሾካሽክ ሆነች። «እትዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ገጽሽ እዚህ ሆስፒታል አይከፈትም። ቀይ ነገር ነው የሚወጣው። ‹ይህ አድራሻ ለአዋቂዎች መዝናኛ የተመደበ ነው› ይላል።»

«ለምን?»

«ለመዝናኛ።»

ልብስ ሰፊዋ ቃሉን ደጋግማ አለችው። መዝናኛ። አንዷ ሴት ልጇን እንኳ ማቀፍ ፈርታ የመጣች ናት። ሌላዋ መስታወቱን ግድግዳ አዙራ የምትለብስ ናት። መዝናኛ! ባሏ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ አድራሻቸው እውነትም ተቀይሯል፤ ከስሟ ኋላ «ነጥብ አዋቂ» ተንጠልጥሎበታል። ማስታወቂያውም ደርሷቸው ኖሯል፤ እሱ ደብዳቤ የማይከፍት ሰው ስለሆነ ነው። በዚህ ጊዜ ዝም ማለት ሲገባው ቀለደ። «እንግዲህ አዋቂ ከሆንሽ ከነገ ጀምሮ ጎረቤት ዕጣ ፈንታውን ሊጠይቅሽ መምጣቱ ነው» አላት። አልሳቀችም። እሱም ያልሳቀችበትን ቀልድ ያውቃልና ኮምፒውተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ የጓሮው በር ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ስትከፍት፣ ትልቅ ሻርፕ ደረቷ ላይ ደራርባ ሁለት እጇን ያጣመረች ወጣት ሴት ቆማለች። እጅ እንዲህ የሚጣመረው ስለ ብርድ እንዳልሆነ ልብስ ሰፊዋ አታጣውም። አስገብታ በሩን ቆለፈችና አስቀመጠቻት። ልጅቷ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት። ልብስ ሰፊዋ ልትለካ የመጣች መስሏት ሜትሯን ስታነሳ ግን መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች።

«ለልክ አይደለም የመጣሁት፣ እትዬ። እባክሽ አድኚኝ ልልሽ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ነርሷ የድረ ገጹን አድራሻ ሰጥታት ነበር። መምህርቷ ስልኳን ታናሽ እህቷ ስለምትነካካው ቤት ልትከፍተው ፈራች፤ በዕረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል ባዶ ሲሆንላት እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይ ጻፈችው። ቀዩ ገጽ ወጣ። ደንግጣ ዘጋችው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ እንዲህ ያለ አድራሻ የተሞከረ እንደሆነ ወዲያው ለርዕሰ መምህሩ የሚናገር መሣሪያ አስገብቷል።

«ጠሩኝና ‹በሥራ ሰዓት የብልግና ገጽ ስትፈልጊ ተገኝተሻል› አሉኝ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ‹ልጄ፣ ምን ፈልገሽ ነው?› ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? ዝም አልኩ። አርብ የመምህራን ስብሰባ አለ፤ እዚያ ምክንያት ካላቀረብኩ መባረሬ ነው።»

«መታመምሽን አያውቁም?»

«እናቴና ነርሷ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ትምህርት ቤት የሐሞት ጠጠር ነው ያልኩት።» ሻርፗን ወደ አንገቷ ሳበች። «እትዬ፣ የማስተምረው ጎረምሳ ነው። አንድ ቀን ካወቁ ሰሌዳውን አያዩም፤ ደረቴን ሲፈልጉ ነው የሚውሉት። መምህራኑም ያው ናቸው። ገጹ በስህተት ነው የተመደበው፣ የልብስ ሱቅ ነው ቢባልልኝ፣ ልብስ ልገዛ ነበር ብዬ እገላገላለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። «በይ አታልቅሺ» አለቻት፤ መምህርቷ ግን አላለቀሰችም ነበር፤ ዕንባ የመጣባት ልብስ ሰፊዋ ናት። «እስከ አርብ አጸዳዋለሁ። ብሞት እንኳ ሞቼ አጸዳዋለሁ።»

የኢንተርኔት አድራሻ መሥሪያ ቤት ሄደች። ሕንፃው አዲስ ነው፤ ወለሉ ከማብረቅረቁ የተነሳ ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ ነው የሚራመደው። አንደኛው መስኮት ወደ ሦስተኛው ላካት። ሦስተኛው «ይህማ የአንደኛው ነው» አላት። አንደኛው ምሳ ወጥቷል። ለልብስ ሰፊ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሥራ መፍታት ነው፤ ከቦርሳዋ ያልተዘመዘመ ጨርቅ አውጥታ ወረፋው ላይ መዘምዘም ጀመረች። ጥበቃው መጥቶ «እናቴ፣ እዚህ መርፌ አይፈቀድም» አላት። ያን ጊዜ ልትጮህ ምንም አልቀራትም።

በመጨረሻ የምድብ ክፍል ባለሙያ ጋ አስገቧት። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ መነጽር አድርጋለች፣ ጠረጴዛዋ ንጹሕ ነው፣ አንደበቷም ከጠረጴዛዋ አይተናነስም።

«ገጽዎ እኮ አልተዘጋም፣ እናቴ። ተዛወረ እንጂ።»

«ሰው ወደ እስር ቤትም ሲገባ ተዛወረ ይባላል!»

«ስሜትዎን እረዳለሁ።»

‹ስሜትዎን እረዳለሁ› ማለት በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ‹አልረዳዎትም› ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ለማወቅ ዕድሜዋ ይበቃል። ቢሆንም ታገሰችና ሥራዋን ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻት፤ ስለ ጥጡ፣ ስለ ተልባው፣ ስለ ሦስቱ ፎቶ። ባለሙያዋ ሳታቋርጥ አዳመጠቻት። ከዚያ ኮምፒውተሯን ወደሷ አዞረች።

«የሚመድበው ማሽን ነው። ራቁት የሴት ደረት ያያል፤ ቀጥሎ ፊት ይፈልጋል። ፊት ካላገኘ ‹ነጥብ አዋቂ› ይለዋል። ከባለጌዎቹ ብዙዎቹ ፊት ስለሚቆርጡ ነው።»

«ጠባሳውንስ አላየውም?»

«ጠባሳ መስፈርቱ ውስጥ የለም።»

«የኔ ልጅ፣ እስቲ በደንብ እይው። ይቺ ሴት እኮ ጡት የላትም! በሌለ ጡት ነው የከሰሳችሁኝ!»

ባለሙያዋ ቀና ብላ ማየት አቃታት። እውነቱን ለመናገር አዝናለች፤ ማዘኗ ግን ማሽኑ ውስጥ አይገባም። ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አወጣችና ያን በዳንቴል ፍለጋ የወጣባትን ገጽ ፈልጋ ከፈተችው። ቃሉን ጽፋ ሳትጨርስ ከች አለ፤ ጅራቱ እንደ ድሮው ነው፣ ቀይ ነገር የለ፣ ምን የለ።

«ይሄሳ?»

«እሱ ውጭ አገር የተመዘገበ ነው። እኛ መመደብ የምንችለው እዚህ የተመዘገበውን ብቻ ነው።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን በሉኛ!»

«ሕጉ ነው፣ እናቴ።» ባለሙያዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ላድርግልዎ የምችለውን ልንገርዎ። ፎቶዎቹን ካነሱት ገጽዎን ኮሚቴ ያየዋል፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ግን ገና ወደፊት ነው። ፊቷ የሚታይ፣ ፈቃዷንም የሰጠች ሴት ከሆነች ደግሞ ‹ለጤና ትምህርት› በሚለው እኔው ራሴ እዚሁ እወስናለሁ። በአንድ ቀን ይመለሳል።»

«የልብስ ሱቅ በሚለውስ?»

«የልብስ ሱቅ ራቁት አያሳይም።»

«ለጤናም ይሁን ለፈለገው! ብቻ ያ ጅራት ከላዬ ይውረድ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። ያን ቀን ከተናገረችው ሁሉ ረጋ ብላ ልታስብባት የሚገባት ይቺን «ለጤና» የምትለዋን ቃል ነበር። ግን ማን ያስብ? ከጠዋት ጀምሮ ከመስኮት መስኮት ተንገላታ፣ መርፌዋን ተቀምታ፣ የሌላት ጡት ብልግና ተብሎ፣ አንድ የተከፈተ በር ስታገኝ ዘላ ገባች።

ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወረወረችና ሁሉንም ለባሏ ነገረችው። እየነገረችው ጮኸች፣ እየጮኸች ጨርቅ ቆረጠች፣ የቆረጠችውም ጠመመ። ባሏ መጋረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» አለ ቀስ ብሎ። «ከመንግሥት ጋር ትታገያለሽ?»

«ሙቀጫው ይሰበር! የሌሎቹን ፎቶ አወርዳለሁ። የኔ ብቻ ይቅር። እሱንም እንደገና አነሳዋለሁ፤ ከነፊቴ።»

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ፊት የኖረ ሰው ነው። መስኮቱ ላይ የሷ የልጃገረድነት ፎቶ አለ፤ የሌላው ሲደበዝዝ ያነሳዋል፣ የሷን ግን በየጊዜው አዲስ እያተመ ይመልሰዋል። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ እሷ ልብሷን የምትቀይረው ጀርባዋን ሰጥታው ነው፤ እሱም ዞሮ አይቶባት አያውቅም። ሁለቱም ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

«ሰው ሁሉ ያይሻል» አለ በመጨረሻ።

«ይየኝ።»

«እኔ እንኳን…» ብሎ አቋረጠው። የቀረውን ሁለቱም ያውቁታል።

ካሜራውን ልትተክል ስትነሳ እጇን ያዛት። «የራስን ፊት በራስ ሲያነሱት ይጣመማል። እኔ ላንሳሽ» አላት። የሱቁን በር ዘጋ፣ መጋረጃውን ሰበሰበ፣ መብራቶቹን አበራ። ሸሚዟን አውልቃ የወፍራሙ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከባሏ ፊት እንደማታውቀው ሰው ፊት አፈረች፤ ማፈሯም አናደዳት።

ባሏ ካሜራው ኋላ ብዙ ቆየ።

«ቀና በይ» አለ። «ዓይንሽን አትጨፍኚ።»

«እኔ መች ጨፈንኩ? አንተ ነህ የጨፈንከው።»

የመጀመሪያው ፎቶ ጠርቶ አልወጣም፤ ያ ሁሉ ዓመት ሲያነሳ እንዲህ ሆኖበት አያውቅም። ሁለተኛው ተሳካ። ጠባሳዋ ከብብቷ እስከ ደረቷ አጥንት በግልጽ ይታያል፤ ከላይ ደግሞ የሷ ፊት አለ፤ የተናደደ፣ የደከመ፣ በቀጥታ የሚያይ። ቀጥሎ ጡት ማስያዣውን ለብሳ፣ ከዚያ ሸሚዟን ደርባ ተነሳች። ባሏ ሊልከው ሲል ጣቱ ቆመ።

«ለመምህርቷ መጀመሪያ አትነግሪያትም?»

«ምኑን ነው የምነግራት? ሲሳካ ላስደስታት» አለችና ራሷ ተጫነችው።

አርብ ጠዋት ባለመነጽሯ ባለሙያ ደወለች። እንደ ቃሏ ወስናላታለች፤ አድራሻው ተመልሷል። ልብስ ሰፊዋ አላመነችምና ነርሷን ከሆስፒታሉ ኮምፒውተር ከፍታ እንድታይላት ጠየቀቻት። ተከፈተ። ነርሷ ፎቶውን ስታይ «እትዬ!» አለች። ወዲያው ስልኩ ይጮህ ጀመር፤ አንዲት የማታውቃት ሴት ከሩቅ ደውላ «ያ ፊት ያንቺ ነው? እንግዲያው እመጣለሁ» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ደስ ያላት ቀን ትዝ አይላትም። ደስታ ደግሞ ሰውን ችኩል ያደርገዋል።

የትምህርት ቤቱን ስልክ ፈልጋ ርዕሰ መምህሩን አስጠራች። «ጌታዬ፣ የሒሳብ መምህርቷ የከፈተችው ገጽ የኔ ነው! ንጹሕ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ አጽድቆታል። አሁኑኑ ይክፈቱትና በዓይንዎ ይዩት!»

ርዕሰ መምህሩ ከፈቱት። በስልኩ ውስጥ የፊደል መምቻው ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ በኩራት ጠበቀች። ለቀናት ከአድራሻው ጅራት ጋር ስትታገል፣ አድራሻው የሚያሳየው ምን እንደሆነ ረስታው ነበር።

«አየሁት» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ድምፃቸው ተለውጧል፤ የለቀስተኛ ድምፅ ሆኗል። «እኛ እኮ… አላወቅንም ነበር፣ የኔ እመቤት። ምስኪን ልጅ። የሐሞት ጠጠር ነው ያለችን። አይ ምስኪን ልጅ።»

ስልኩ ከተዘጋም በኋላ እጇ ላይ ቀረ። ‹ምስኪን ልጅ› የተባለው ለማን እንደሆነ ሲገባት መልሳ ደወለች፤ ርዕሰ መምህሩ ወደ ስብሰባ ገብተዋል አሏት። መምህርቷ ጋ ደወለች፤ ስልኳ ዝግ ነው። ባሏን «ምነው ዝም አልከኝ?» ብላ ጮኸችበት፤ ዝም እንዳላላት ግን ታውቃለች። እሱም አላስታወሳትም።

አመሻሽ ላይ መምህርቷ መጣች። በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት በር፣ በመንገዱ በኩል፣ ፎቶ አንሺው እያየ ገባች። ሻርፕ አልደረበችም። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ልትዘጋ ብትጣደፍ «ተይው፣ እትዬ። ከእንግዲህ መደባበቁ ምን ይሠራልኛል?» አለቻት።

ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ መቀመጥ አልቻለችም።

«አልተባረርኩም» አለች መምህርቷ። «ርዕሰ መምህሩ ሁሉም ፊት ተነሥተው ‹እህታችንን ያለ ጥፋቷ ጠርጥረናት ነበር፤ ለካ ልጅቷ ከባድ በሽታ ታማ፣ አካሏን አጥታ ኖሯል› አሉ። ገጹንም ለማሳመን አሳዩአቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ አለቀሱ። መምህራኑም ሁሉ ተነሥተው እየዞሩ ይቅርታ ጠየቁኝ። የስፖርት መምህሩ እንኳ እንደሚሰበር ዕቃ በሁለት ጣቱ አቀፈኝ። ሁሉም ይቅርታ ጠየቁኝ፣ እትዬ። አንድም ሰው ግን ፊቴን አላየም።»

ልብስ ሰፊዋ ሕጉንም ማሽኑንም ልትራገም ፈልጋ ነበር፤ መርገም ይገባቸዋል። ስልኩን የደወለችው ግን እሷ ናት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

መምህርቷ አይደለም አላለቻትም። እዚያ ያለውን ረጅም መስታወት፣ የተልባውን ከረጢት፣ ገና ያልተቆረጠውን ጨርቅ አየች።

«እውነቴን ነው የምልሽ፣ ባለጌ ብለውኝ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ባለጌ የሚሉትን ሰው ዓይኑን ነው የሚያዩት።»

ከፊተኛዋ ክፍል ፎቶ አንሺው ወንበሩን ያለ ምክንያት ከቦታ ቦታ ሲያንቀሳቅስ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ለሷ ያሰበችው ጡት ማስያዣ ከሰው መደበቂያ ነበር። አሁን ማንን ይደብቃል?

«ልስፋው… ወይስ ይቅር?»

መምህርቷ ትከሻዋን ዳበሰች።

«ስፊው» አለች። «ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ትከሻዬ ይዘነብላል።»

ተነሥታ ሸሚዟን ፈታች፤ ሳይነግሯት ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ዘረጋች። ዕድሜዋን ሙሉ ሥራዋ የሴት ደረት ማየት ነው፤ ያን ቀን ግን ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ ጠፋት።